የድልድይን አስተማማኝነት በሞንቴ ካርሎ መፈተሽ፦ ከቃሊቲ ማዶ ላሉ አሮጌ ድልድዮች በኤክሴል የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ከቃሊቲ በቱሉ ዲምቱ አድርጎ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ የቆመ ሰው፣ የአዲስ አበባ ዳርቻ ድልድዮች ምን እየተሸከሙ እንደሚውሉ ሳይነገረው ይገባዋል። ከጅቡቲ ኮንቴነር ጭኖ የመጣ ተሳቢ፣ ከካባ ጠጠር እስከ አፉ የሞላ ሲኖትራክ፣ ኤክስካቫተር ያሳፈረ ሎቤድ፣ በመሃላቸው ሚኒባስና ባጃጅ። የዲዛይን ስሌቱ ግን ይህን ሁሉ በአንድ የታወቀ የጭነት ሞዴል ይተካዋል። ኮንክሪቱም አንድ ጥንካሬ፣ ፌሮውም አንድ ጥንካሬ ይሰጠዋል። በመጨረሻ የሚወጣው መልስ «ይበቃል» ወይም «አይበቃም» ነው።

አዲስ ድልድይ ለሚሠራ ሰው ይህ ያግባባል። የቆመ፣ ያረጀ፣ ፌሮው እዚህም እዚያም ብቅ ያለ ድልድይ ለሚመረምር መሐንዲስ ግን «አይበቃም» የሚለው መልስ ብዙ አያራምድም። ይፍረስ? ይጠገን? ክብደት ይገደብ? ወይስ ሌላ የባሰ ስላለ ይቆይ? ለዚህ የሚያስፈልገው የመውደቅ ዕድሉ ነው። ዕድሉን ለማግኘት ካሉት መንገዶች ውስጥ ለጀማሪ በጣም የሚገባውና ለመፈተሽም የሚቀለው በዕጣ ቁጥር የሚሠራው የሞንቴ ካርሎ ሲሙሌሽን ነው።

ሐሳቡ በ1946 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለሒሳብ ሊቁ ስታኒስላቭ ኡላም የመጣለት ከሕመም እያገገመ ብቻውን ካርታ ሲጫወት ነበር። ጨዋታው የሚሳካበትን ዕድል በቀመር ከማስላት ይልቅ ብዙ ጊዜ ተጫውቶ የተሳካውን መቁጠር እንደሚቀል አየ። ከጆን ቮን ኖይማን ጋር በሎስ አላሞስ ለኒውክሌር ስሌት አዋሉት፤ ስሙን ያገኘው በሞናኮው ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ነው፤ ኒኮላስ ሜትሮፖሊስና ኡላም በ1949 በጽሑፍ አወጡት። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው፦ ድልድዩን በኮምፒውተር መቶ ሺህ ጊዜ ሠርተን፣ መቶ ሺህ ጊዜ ጭነን፣ ስንቱ እንደወደቀ እንቆጥራለን።

ይህ መመሪያ የአርማታ ገርደርን (የድልድዩን ወለል የሚሸከመውን ዋና አግዳሚ) የመታጠፍ አቅም በወረቀት ማስላት ለሚችልና ኤክሴል ለሚያውቅ ሲቪል መሐንዲስ የተጻፈ ነው። ድልድዩ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው፤ በእናንተ ድልድይ ላይ የራሳችሁን ቁጥር ታስገባላችሁ።

ደረጃ 1፦ «ወደቀ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወስኑ

ኮምፒውተሩ ሳይከፈት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ድልድይ በብዙ መንገድ ይወድቃል፦ ገርደሩ መሃሉ ላይ በመታጠፍ፣ ጫፉ ላይ በሸር (በመቆረጥ)፣ ወለሉ በመበሳት፣ መሠረቱ በጎርፍ በመቦርቦር። አንድ ሲሙሌሽን የሚመልሰው እናንተ የጻፋችሁለትን አንዱን ብቻ ነው። እዚህ የምንወስደው የአንድ መካከለኛ ገርደር በመታጠፍ መውደቅን ነው። ቀመሩ አጭር ነው፦

ትርፍ = አቅም − ጫና

ትርፉ ከዜሮ በታች ከሆነ ወደቀ። ሁለቱም በኪሎ ኒውተን ሜትር ይለካሉ።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ በወረቀት ስሉት

ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ ዕጣው የሚገባ ሰው፣ ኋላ የሚያገኘው ቁጥር ትክክል ይሁን ስህተት የሚለይበት ነገር አይኖረውም። የማሳያው ድልድይ ወደ አቃቂ ወንዝ በሚገባ ጅረት ላይ የተሠራ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሁለት ጫፉ የተቀመጠ አርማታ ነው። ገርደሮቹ በ2.2 ሜትር ልዩነት ተደርድረዋል። ወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር፤ ከወለሉ በታች ያለው የገርደር አካል 40 በ80 ሳንቲ ሜትር። በአንድ ገርደር ግርጌ 8 ባለ 32 ፌሮ አለ። ፌሮው የድሮ ስለሆነ በ300 ሜጋ ፓስካል፣ ኮንክሪቱ በ20 ሜጋ ፓስካል ይያዝ። ከላይኛው ጠርዝ እስከ ፌሮው መሃል 90 ሳንቲ ሜትር ነው።

የአርማታው ክብደት በሜትር 19 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ መሃል ላይ 342 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት (የማጠፍ ጫና) ያመጣል። 7 ሳንቲ ሜትር አስፋልት 64 ይጨምራል። ለመኪናው ጫና የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የድልድይ ዲዛይን ማኑዋል የአሜሪካውን አሽቶ (የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ማኅበር) ደንብ ስለሚከተል የምንወስደው ኤችኤል-93 የሚባለውን የጭነት ሞዴል ነው፦ 35፣ 145 እና 145 ኪሎ ኒውተን የሚመዝኑ ሦስት አክስሎች፣ በመካከላቸው 4.3 ሜትር፣ በተጨማሪም በሜትር 9.3 ኪሎ ኒውተን የተዘረጋ ጭነት። በ12 ሜትር ላይ መኪናው ለብቻው 602፣ የተዘረጋው 167 ይሰጣል። መኪናውን በ33 በመቶ የንዝረት ጭማሪ አባዝተን ስንደምር በአንድ መስመር 968 ነው፤ የአንዱ ገርደር ድርሻ 0.68 ቢሆን 658።

በአሽቶ ማባዣዎች (ለአርማታው 1.25፣ ለአስፋልቱ 1.5፣ ለመኪናው 1.75) ተባዝቶ ሲደመር የሚጠየቀው 1675 ነው። ገርደሩ ያለው አቅም 1687፣ በ0.9 ሲባዛ 1518። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ድልድዩ በ9 በመቶ ገደማ ያንሰዋል፤ የወረቀቱ መልስ «አይበቃም» ነው። ይህን ቁጥር ያዙት።

ደረጃ 3፦ ለአቅሙ ተለዋዋጮችን ስጡ

አሁን እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ሥርጭት (የትኛው መጠን በምን ዕድል እንደሚመጣ ወደሚያሳይ) እንለውጣለን፤ አማካዩና መዋዠቁ ይታወቅ። መዋዠቅ የምለው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ በምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው) ለአማካዩ ተካፍሎ ነው።

የፌሮ ጥንካሬ፦ ፋብሪካ ከተጻፈው ዝቅተኛ ጥንካሬ በታች ላለመውረድ ስለሚጠነቀቅ፣ እውነተኛው አማካይ ከስሙ ከፍ ይላል። ለ300ው ፌሮ 340 አማካይ፣ 10 በመቶ መዋዠቅ፣ ሎግኖርማል (ከዜሮ በታች የማይወርድ፣ ሎጋሪዝሙ ኖርማል የሆነ ሥርጭት)።

የፌሮ ስፋት፦ 6434 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ 1.5 በመቶ፣ ኖርማል (በአማካዩ ግራና ቀኝ እኩል የሆነው የደወል ቅርጽ)። ዝገት ሲመጣ ይህ ይቀየራል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጥልቀት፦ በፕላኑ 900 ሚሊ ሜትር ቢሆንም አማካዩን 890፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 15 እወስዳለሁ። ኮንክሪት ሲሞላ ፌሮው ላይ ማን እንደሚራመድ ሳይት ላይ የዋለ ሰው ያውቃል፤ ፌሮ በፕላኑ ላይ እንዳለ ቦታውን አይጠብቅም።

የኮንክሪት ጥንካሬ፦ 24 ሜጋ ፓስካል አማካይ፣ 18 በመቶ፣ ሎግኖርማል። በእጅ በሚቦካበት ሳይት ከዚህም ሊሰፋ ይችላል።

የሞዴል ማስተካከያ፦ ቀመራችን ራሱ እውነቱን በትክክል አይናገርም። ለአርማታ መታጠፍ የተለመደው 1.02 አማካይና 6 በመቶ መዋዠቅ ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን ይተወዋል። አትተዉት፤ ከፌሮው ጥንካሬ ቀጥሎ በአቅሙ ላይ ትልቁ ተለዋዋጭ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኮንክሪት አንድ ነገር ልበል። አሮጌ ድልድይ ሲመረመር መጀመሪያ የሚወጣው መሣሪያ ሽሚት ሀመር ነው፤ ኮንክሪቱ እየተንኳኳ ቁጥር ይመዘገባል። በዚህ ገርደር ላይ ግን ኮንክሪቱ ከ24 ወደ 20 ቢወርድ የመታጠፍ አቅሙ የሚቀንሰው በአንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሰፊው ወለል ግፊቱን በ5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይችለዋልና። የፌሮው ጥንካሬ በዚያው መጠን ቢወርድ አቅሙ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ የምርመራ ገንዘብ ካነሰ ለመታጠፍ ስሌት ቅድሚያ የሚሰጠው ፌሮውን በመሣሪያ ፈልጎ መቁጠር፣ ዲያሜትሩን መለካትና ብዙም ጫና ከሌለበት ቦታ ትንሽ ቆርጦ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ለሸር ስሌት ደግሞ ኮንክሪቱ ዋጋ አለው፤ መንኳኳቱ ያኔ ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ ጫናውን ከመንገዱ አምጡ

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው። የአርማታው ክብደት ቀላል ነው፦ በቦታው የተሞላ ኮንክሪት ከፕላኑ ትንሽ ስለሚከብድ 342ን በ1.05 አባዝተን 359፣ መዋዠቁ 10 በመቶ። አስፋልቱ 64፣ መዋዠቁ 25 በመቶ፤ ውፍረቱን ማንም በትክክል አያውቀውምና።

የመኪናው ጫና ግን ከመጽሐፍ ተገልብጦ አይገባም። የሌላ አገር ጥናት የሌላ አገር መኪና ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚታሰቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የአገሪቱ የገቢ ጭነት አብዛኛው በጅቡቲ ስለሚመጣ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው መስመር ሙሉ ጭነት፣ የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ ወይም ቀለል ያለ መኪና ይሸከማል። ሁለቱን መስመር ቀላቅሎ አማካይ የሚወስድ ሰው የከባዱን መስመር ገርደር ጫና ያሳንሰዋል። የምትመረምሩት ገርደር በየትኛው መስመር ሥር እንዳለ ፕላኑ ላይ ምልክት አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ገልባጭ መኪና የሚጫነው በሜትር ኩብ እንጂ በቶን አይደለም። አንድ ቢያጆ 16 ሜትር ኩብ አሸዋ ደርቆ ሲጫንና ዝናብ መትቶት ሲጫን አንድ አይመዝንም። በሜትር ኩብ 1.5 ቶን የነበረው ረጥቦ 1.8 ቢደርስ ልዩነቱ ከ4 ቶን በላይ ነው፤ ባለመኪናው የሚያስከፍለው ግን ያንኑ ነው። መኪና የሚቆጠረው በበጋ ብቻ ከሆነ ይህ የሥርጭቱ ጅራት (በጣም ከባዶቹ ያሉበት ጫፍ) አይታይም።

ሦስተኛ፣ ከባድ መኪና በቀን ወደ መሃል ከተማ እንዳይገባ ሰዓት ስለሚገደብበት፣ ሰዓቱ ሲደርስ የጭነት መኪናው ዳርቻው ላይ ተከታትሎ ይንቀሳቀሳል። በ12 ሜትር ድልድይ ላይ በአንድ መስመር ሁለት ተሳቢ አይገጥምም፤ ግን ጎን ለጎን በሁለቱ መስመር ሊገጥም ይችላል፤ የአንድ ገርደር ድርሻም ያኔ ከፍ ይላል። ድልድዩ 30 ወይም 40 ሜትር ቢሆን ደግሞ ተጠጋግቶ የቆመ ሰልፍ ራሱን ችሎ መታየት ነበረበት፤ የቆመ መኪና ንዝረት ስለሌለው ያንን ጭማሪ አይጨምሩበትም።

መረጃ ከየት ይምጣ? በአቅራቢያው የምድር ሚዛን ካለ መዝገቡን በአክስል ለይታችሁ ለማግኘት ሞክሩ። ጠቅላላ ክብደት ብቻውን ለአጭር ድልድይ አይጠቅምም፤ 12 ሜትር ላይ ወሳኙ የአክስሎቹ ክብደትና ርቀት ነው። ሚዛኑን የሚሸሹ መኪናዎች በመዝገቡ የሉም፤ በጣም ከባዶቹ ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ መዝገቡን ከመንገድ ዳር ቆጠራ ጋር አስተያዩት፤ በቆጠራው ያለፈና በሚዛኑ ያልታየ ገልባጭ ብዛቱ ስንት ነው?

የእያንዳንዱን መኪና አክስሎች በድልድዩ ላይ እያሳለፋችሁ ከፍተኛውን ሞመንት አውጡና የየቀኑን ትልቅ ቁጥር ብቻ ያዙ። የየቀኑ ከፍተኛ ቁጥሮች በደንብ የሚገጥማቸው ጉምቤል የሚባለው ሥርጭት ነው፤ ሁለት ቁጥር ብቻ ይፈልጋል፦ አዘውትሮ የሚታየውን ቦታና ስፋቱን። በማሳያችን ለአንድ ገርደር ቦታው 330፣ ስፋቱ 22 ወጣ እንበል። ከአንድ ቀን ወደ 50 ዓመት ለመሄድ ስፋቱ እንዳለ ይቀመጣል፤ ቦታው ግን በስፋቱ እና በቀኖቹ ብዛት ሎጋሪዝም ብዜት ያድጋል። 50 ዓመት 18250 ቀን ነው፤ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙ 9.81። ስለዚህ 330 + 9.81 × 22 = 546፤ አማካዩ 559። የንዝረት ጭማሪ በአማካይ 12 በመቶ፣ መኪናው ወደፊት ይከብዳል ብለን 7 በመቶ ስናክል 670 ይሆናል።

አሁን ይህ 670 ምን ያህል ይታመናል? የጥቂት ሳምንት መረጃ ይዘን 50 ዓመት ተንብየናል። የገርደር ድርሻው ራሱ ግምት ነው፤ ንዝረቱም እንደ መንገዱ ጉድጓድ ይለያያል። ስለዚህ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 130 እወስዳለሁ፤ ከ19 በመቶ በላይ ነው። ይህን ወደ 60 አጥብቦ ቆንጆ መልስ ማውጣት ቀላል ነው። የሪፖርቱ ገምጋሚ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይህችን ቁጥር ነው።

ደረጃ 5፦ ዕጣውን አውጡ

ኤክሴል ውስጥ ራንድ የሚባለው ትእዛዝ በ0 እና በ1 መካከል ቁጥር ይሰጣል፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ ሁሉም እኩል ዕድል አለው። ይህን እኩል ዕጣ ወደምንፈልገው ሥርጭት የሚለውጡ ትእዛዞች አሉ። (ስማቸው ኤክሴል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል፤ እዚህ በድምፃቸው አስቀምጫቸዋለሁ።)

ለኖርማል (ሥርጭቱን ላልጠቀስኩት ሁሉ ይህን ውሰዱ)፦ ኖርም ኢንቭ፤ ራንድን፣ አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ይቀበላል።

ለሎግኖርማል፦ ሎግኖርም ኢንቭ፤ ግን የሚቀበለው የሎጋሪዝሙን አማካይና ዴቪዬሽን ነው። 340 እና 34 ብሎ የሚያስገባ ሰው ትርጉም የሌለው ቁጥር ያገኛል። መጀመሪያ ይህን ስሉ፦ የሎግ ዴቪዬሽን = √ሎግ(1 + መዋዠቅ²)፤ የሎግ አማካይ = ሎግ(አማካይ) − የሎግ ዴቪዬሽን² ÷ 2። ለፌሮው 0.0998 እና 5.824፣ ለኮንክሪቱ 0.179 እና 3.162 ይወጣል።

ለጉምቤል፦ ኤክሴል ዝግጁ ትእዛዝ የለውም፤ ግን በእጅ ይጻፋል፦ ቦታ − ስፋት × ሎግ(−ሎግ(ራንድ))። ስፋት = 0.7797 × 130 = 101.4፤ ቦታ = 670 − 0.5772 × 101.4 = 611.5።

ሎግ የምለው ሁሌም የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው፤ በአሥር የሚሠራውን ከተጠቀማችሁ ሁሉም ይበላሻል።

በአንድ ረድፍ ላይ ስምንት ዓምድ ሙሉ፦ የፌሮ ጥንካሬ፣ የፌሮ ስፋት፣ ጥልቀት፣ ኮንክሪት፣ የሞዴል ማስተካከያ፣ የአርማታ ክብደት፣ አስፋልት፣ መኪና። እያንዳንዱ የራሱ ራንድ ይኑረው። ከዚያ በሚቀጥሉት ዓምዶች፦

የግፊት ውፍረት = የፌሮ ስፋት × የፌሮ ጥንካሬ ÷ (0.85 × ኮንክሪት × 2200)፤ 2200 የገርደሮቹ ልዩነት በሚሊ ሜትር ነው

አቅም = ማስተካከያ × የፌሮ ስፋት × የፌሮ ጥንካሬ × (ጥልቀት − የግፊት ውፍረት ÷ 2) ÷ 1000000

ጫና = አርማታ + አስፋልት + መኪና

በመጨረሻው ዓምድ፣ አቅሙ ከጫናው ካነሰ 1፣ ካላነሰ 0። ረድፉን እስከ 100000 ወደታች ጎትቱት። ኤክሴል ከ1048576 ረድፍ በላይ አይዝም፤ ኮምፒውተራችሁ ግን ከዚያ በፊት ሊያቃስት ይችላል። ከዚህ በላይ ለሚፈልግ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነምፓይ በተባለው የስሌት መሣሪያው ያንኑ ሥራ በጥቂት መስመር፣ በሴኮንዶች ይጨርሰዋል።

ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። በስምንቱ ዓምድ ፋንታ የወረቀቱን ቁጥር በአንድ ረድፍ አስገቡ (ማስተካከያው 1 ይሁን)፤ አቅሙ 1687 ካልመጣ ቀመሩ ተሳስቷል። ቀጥሎ የመቶ ሺሁን አማካይ ተመልከቱ፦ አቅም 1930፣ ጫና 1093 አካባቢ መሆን አለበት። በጣም ከራቀ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሎግኖርማሉ ላይ ነው።

ኤክሴል አንድ ሴል በነካችሁ ቁጥር ዕጣውን እንደገና ያወጣል፤ ያያችሁት ውጤት ከዓይናችሁ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ዙር ሲያልቅ ቁጥሮቹን ብቻ ወደ ሌላ ገጽ ገልብጡና አስቀምጡ። በፓይተን ከሆነ የመነሻ ቁጥሩን ጻፉት፤ ሌላ ሰው ያንኑ ዕጣ መድገም ይችላል።

ደረጃ 6፦ ስንት ጊዜ ይበቃል?

በማሳያው ድልድይ ከ100000 ውስጥ 120 ገደማ ይወድቃሉ፤ ማለትም ከ1000 ውስጥ 1.2። ድጋሚ ቢወጣ 108 ወይም 131 ሊሆን ይችላል። የስህተቱ መጠን በግምት 1 ÷ √(የወደቁት ብዛት) ነው፤ ለ120 ውድቀት 9 በመቶ። ሙከራው 10000 ብቻ ቢሆን የወደቁት 12፣ ስህተቱ 29 በመቶ ነው። 1000 ቢሆን ደግሞ አንድ ይወድቃል፣ ወይም ሁለት፣ ወይም ምንም። ምንም ያልወደቀበት ሰው «ድልድዩ አስተማማኝ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ የጻፈው ስለ ሙከራው ማነስ እንጂ ስለ ድልድዩ አይደለም።

ስለዚህ የሚታየው የሙከራው ብዛት ሳይሆን የውድቀቱ ብዛት ነው። መቶ ውድቀት እስክታዩ አታቁሙ። የመውደቅ ዕድሉ ከአሥር ሺህ አንድ ከሆነ ይህ አንድ ሚሊዮን ሙከራ ይጠይቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕጣውን ወደ አደገኛው ጎን አዘንብሎ ኋላ በክብደት የሚያስተካክል ስልት አለ፤ እያንዳንዱ ሙከራ ረጅም የኮምፒውተር ስሌት ለሚፈልግበት ድልድይ ግድ ነው። ለእኛ ቀመር ግን ኮምፒውተሩን ማስጠበቅ ይቀላል።

ደረጃ 7፦ ወደ ቤታ ለውጡት

መሐንዲሶች የመውደቅን ዕድል የሚለዋወጡት ቤታ በሚባል መለኪያ ነው፤ ቤታው ከፍ ባለ ቁጥር የመውደቅ ዕድሉ ያንሳል። ኤክሴል ላይ ኖርም ኤስ ኢንቭ ውስጥ የመውደቅ ዕድሉን አስገብታችሁ ምልክቱን ትገለብጣላችሁ። 0.0012 ቤታውን 3.04 ያደርገዋል።

አሽቶ አዲስ ድልድይ የሚያልመው ቤታ 3.5 ነው፤ ከ4300 አንድ እንደማለት። የአውሮፓው ኮድ ለተለመደ ሕንፃና ድልድይ በ50 ዓመት 3.8 ይላል። በቆመ ድልድይ ላይ ደግሞ አሽቶ የምርመራ ስሌቱን ያስተካከለው 2.5 አካባቢ ላለ ቤታ ነው፤ የቆመን ለማጠናከር የሚወጣው ዋጋ ከአዲሱ ስለሚበልጥና ድልድዩ በየጊዜው ስለሚታይ።

ወረቀቱ «አይበቃም» ያለው ድልድይ እንግዲህ በ2.5 እና በ3.5 መካከል ተቀምጧል። አዲስ ቢሆን ዲዛይኑ አይጸድቅም። ቆሞ ያለ ስለሆነ ግን ለማፍረስ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ደረጃ 8፦ የወደቁትን ረድፎች አንብቡ

ብዙ ሰው ቤታውን አግኝቶ ፋይሉን ይዘጋል፤ ጥሩው ነገር ያለው ግን ከዚህ ወዲያ ነው። ማጣሪያ አድርጋችሁ 120ዎቹን የወደቁ ረድፎች ለብቻ አውጡና የእያንዳንዱን ዓምድ አማካይ ውሰዱ። የፌሮ ጥንካሬው ከ340 ወደ 290 አካባቢ ወርዶ ታገኙታላችሁ። የመኪናው ጫና ከ670 ወደ 1200 በላይ ወጥቷል። ጥልቀቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢቀንስ ነው፤ ኮንክሪቱ የተለየ ነገር የለውም። ድልድዩ በሙከራችን የሚወድቀው ደካማ ፌሮና ከልክ ያለፈ መኪና ሲገናኙ ነው። የሚቀጥለው የምርመራ ብር የት እንደሚሄድ ይህ ይነግራችኋል፦ የፌሮ ናሙና እና የአክስል ክብደት።

ደረጃ 9፦ «ቢሆንስ» ብላችሁ ደግማችሁ አስኪዱት

ዝገት። ሽፋኑ ረግፎ ፌሮው በተገለጠበት ገርደር ዲያሜትሩን በካሊፐር ለኩ፤ ዝገቱን መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ የዝገት ቅርፊት ፌሮውን ወፍራም ያስመስለዋልና። 32 የነበረው 29.5 ሆኖ ከተገኘ ስፋቱ በ15 በመቶ ቀንሷል። ስፋቱን 5469፣ መዋዠቁን 5 በመቶ አድርጋችሁ ስታስኬዱት ከ1000 ውስጥ 13 ገደማ ይወድቃል፤ ቤታው 2.2 ይሆናል። 15 በመቶ ፌሮ ሲጎድል የመውደቅ ዕድሉ ከአሥር እጥፍ በላይ አደገ፤ ከ2.5ም በታች ወረደ። ለዚህ ገርደር ጥገናው ቀጠሮ አይሰጠውም።

አስፋልት። አሮጌውን ሳይነቅሉ ላዩ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ቢደርቡ 91 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይጨመራል። ዓይን የሚያስደስት መንገድ ነው፤ ባልዛገው ገርደር ላይ እንኳ የመውደቅ ዕድሉን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል።

የክብደት ገደብ። ታፔላ ተተከለ ብላችሁ ጅራቱን ከገደቡ ላይ አትቁረጡት። የሚያከብረውንና የማያከብረውን መኪና በድርሻ ለያይታችሁ አስገቡ፤ ተቆጣጣሪ በሌለበት መንገድ የሚያከብረው ድርሻ ትንሽ ከሆነ ቤታው ከነበረበት ብዙ አይነቃነቅም።

ደረጃ 10፦ ያልታየውን ጻፉ

ይህ ስሌት ውኃውን አያየውም። በዓለም ድልድይ ከሚጥሉት ምክንያቶች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ የመሠረት መቦርቦር ነው፤ በኒውዮርክ የስኮሃሪ ክሪክ ድልድይ በሚያዝያ 1987 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በጎርፍ መሠረቱ ተቦርቡሮ ሲወድቅ 10 ሰው ሞቷል፤ ገርደሩ ላይ የተሠራ የመታጠፍ ስሌት ያንን ሊያሳይ አይችልም ነበር። አቃቂና ገባሮቹ በክረምት ከላይኛው ከተማ የሚወርደውን ጎርፍ ሁሉ ይቀበላሉ፤ ከተማው በሰፋና መሬቱ በአርማታ በተሸፈነ ቁጥር ውኃው ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ ክረምቱ እንደወጣ የምሰሶውን ግርጌ በዘንግ ለክታችሁ ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩ። የመቦርቦር ጥልቀትን እንደ አንድ ተለዋዋጭ አድርጎ ሌላ ሲሙሌሽን መሥራት ይቻላል፤ ከዚህኛው ጋር ግን አይደባለቅም።

አንድ ገርደር ወደቀ ማለት ድልድዩ ወደቀ ማለትም አይደለም፤ ጎረቤቶቹ በወለሉ በኩል ይደርሱለታል። ሙሉ ድልድዩን ለማስላት ገርደሮቹ በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ፌሮ፣ በአንድ ሠራተኛ ስለተሠሩ ጥንካሬያቸው እንደሚያያዝ አስቡ፤ ለእያንዳንዳቸው ነጻ ዕጣ ከሰጣችሁ ጎረቤቱ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ሆኖ ይወጣል።

ሪፖርቱ ላይ ቤታውን ለብቻው አታስቀምጡ። ዕድሉ የ50 ዓመት መሆኑን፣ የወደቁትን ብዛትና የስህተቱን መጠን፣ የስምንቱን ተለዋዋጮች አማካይና መዋዠቅ፣ የትኛው በሳይት እንደተለካ የትኛው እንደተገመተ፣ የመኪናው ቆጠራ በየትኛው ወርና በየትኛው መስመር እንደተደረገ ጻፉ። የኤክሴሉን ፋይል ከተቀመጡት ዕጣዎች ጋር አያይዙት። ቀጣዩ መርማሪ የፌሮውን ናሙና ውጤት ሲያገኝ ሁለት ሴል ቀይሮ እንደገና ያስኬደዋል።